ሁለት ተጨማሪ ጥርስ

የሰሜን ለንደኑን የሃይጌት ዳገት ፈረስም አልቻለውም። በከተማው ትራም በፈረስ በሚጎተትበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ለዚህ ዳገት ከመንገዱ ሥር የሚሮጥ የብረት ገመድ ተዘርግቶለት ትራሙን ሽቅብ እየሳበ ያወጣ ነበር። በአውሮፓ በገመድ የተሳበ የመጀመሪያው የመንገድ ትራም እሱ ነው። ይህን ታሪክ የሰማሁት ዳገቱ ካሸነፈኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቀደም ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን ሁሉ በጉልበቴ ላይ ባልጫንኩ።

የምሠራው እዚያው አናቱ ላይ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው፤ ሌሊት ፈረቃ። የምኖረው ደግሞ ዋልተምስቶ። ማምሻውን ከዋልተምስቶ ኩዊንስ ሮድ ጣቢያ ባቡር እሳፈርና አፐር ሆሎዌይ እወርዳለሁ፤ ከዚያ አርችዌይን አቋርጦ ዳገቱን መያያዝ ነው። ሰው ከሥራ በሚመለስበት የግፊያ ሰዓት ሙሉ ብስክሌት ይዞ ባቡር መግባት ክልክል ነው። የምትታጠፍ ከሆነች ግን እንደ ሻንጣ ተቆጥራ ትገባለች። የኔም ብስክሌት የምትታጠፈው ለዚህ እንጂ ለጌጥ አልነበረም።

አዲስ አበባ ሳለሁ ብስክሌት የወንዶች ነገር ነበር። የሰፈራችን ልጆች በሰዓት እየተከራዩ፣ አንዱ ሲነዳ ሌሎቹ ከኋላ እየሮጡ፣ ተራ ይጠብቁ ነበር። እኛ ሴቶቹ ቆመን እናያለን። መንዳት የተማርኩት ለንደን ውስጥ፣ ልጅ ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ ነው። ዋልተም ፎረስት የተባለው ክፍለ ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2014 ለብስክሌት መንገድ የሚውል 27 ሚሊዮን ፓውንድ ከከተማው አስተዳደር አግኝቶ፣ የመኪና መተላለፊያ የነበሩ የመኖሪያ ሰፈር መንገዶችን በአበባ ሣጥንና በብረት ምሰሶ ዘጋጋ። ባለሱቆች ተቃወሙ፣ ሰልፍም ወጡ። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የማያስፈራራኝ መንገድ አገኘሁ። ለአዋቂዎች በነፃ በሚሰጠው ትምህርት ላይ አብረውኝ የነበሩት አብዛኞቹ ሻሽ ያሰሩ የፓኪስታን ሴቶች ነበሩ። አስተማሪዋ ፔዳል ነቅላ በእግራችን መሬት እየገፋን ሚዛን እንድንይዝ ስታደርገን፣ አንዲት የልጅ ልጅ ያላት ሴትዮ እስክታለቅስ ስቃ ነበር።

የገዛኋት ያገለገለች ብሮምፕተን ናት። ይህችን ዓይነት ብስክሌት የፈጠረው አንድሩ ሪቺ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ብረት እየቆራረጠ። ስሟንም የሰጣት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ከሚታየው ከብሮምፕተን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጎማዋ ትንሽ፣ ባለ 16 ኢንች። የኋላው ጎማ ከሥር ይታጠፋል፣ የፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ መሪው ይወድቃል፣ ኮርቻው ይወርዳል፤ በቃ፣ ከመቀመጫ ሥር ትገባለች። የኔዋ ሦስት ማርሽ ነበራት። ሻጩ “ለለንደን ሦስት ይበቃል” ብሎኝ ነበር። ለዋልተምስቶ ሜዳ እውነቱን ነው።

ዳገቱ ሥር አንዲት የድንጋይ ድመት አለች። ዲክ ዊቲንግተን የተባለ ድሃ ልጅ ከለንደን ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ፣ እዚያ ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደወል “ተመለስ፣ የከተማው ከንቲባ ትሆናለህ” እንዳለው ይተረታል። ድመቷም የእሱ ናት። እኔንም እዚያው ድመቷ አጠገብ የሚመልሰኝ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ እመጣለሁ። ድመቷን ስደርስ ወደ አንደኛ አወርዳለሁ። ከድመቷ አለፍ ብሎ ባለው ሆስፒታል በር ላይ ሰንሰለቱ ይጨነቃል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላዬ አውቶቡስ ተጠግቶ ያጉረመርማል። ከዚያ ወርጄ እገፋለሁ። ብረቷ አሥራ ሁለት ኪሎ ገደማ ትሆናለች፤ ከቦርሳዬና ከሌሊት ምሳዬ ጋር ሽቅብ ስትገፋ ግን ሌላ ነው። መጦሪያው ስደርስ ጀርባዬ በላብ ርሷል። የሌሊቱ ሥራ፣ ሰው ማንሳትና ማገላበጡ፣ ገና አልተጀመረም።

ሌላ መንገድ ሞክሬአለሁ። ስዌይንስ ሌን የሚባል፣ የሃይጌትን መቃብር ታክኮ የሚወጣ ጠባብ መንገድ አለ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው፣ እሽቅድምድም የሚወዱ ልጆች ለጉራ የሚወጡት። ካርል ማርክስ የተቀበረው እዚያ ነው። በልጅነቴ አብዮት አደባባይ ላይ ያንን ጢሙን ከኤንግልስና ከሌኒን ጋር ተሰቅሎ አይቼ ያደግሁ ሰው፣ አጥሩን ተደግፌ ትንፋሼን ስሰበስብ ሳቄ መጣ። የዚያኑ ሰሞን መንገዱን ተውኩት።

አንድ የብስክሌት መደብር ገብቼ ጠየቅሁ። ልጁ ትሁት ነበር። “ስድስት ማርሽ ያስፈልግሻል” አለኝ። አዲስ የኋላ ጎማ ማርሹን ከያዘው እምብርቱ ከሞዞው ጋር፣ አዲስ ማርሽ መቀየሪያ፣ አዲስ ካቦ፣ አዲስ የሰንሰለት መወጠሪያ። ጥቂት መቶ ፓውንድ። እንዲያውም ያንቺ ፍሬም አሮጌ ስለሆነ አዲስ ብስክሌት ብትገዢ ይሻልሻል ሲል ጨመረ። እውነቱን ለመናገር አልዋሸኝም። ባለ ስድስት ማርሿ ብሮምፕተን ጥሩ ዕቃ ናት፤ ከትልቁ ማርሽ እስከ ትንሹ ያለው ልዩነት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የኔ ሦስት ማርሽ ግን ከላይ እስከ ታች እጥፍ እንኳን አይሞላም። ገንዘቡ ግን አልነበረኝም።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ፤ ለንደን ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ስንቀምስ የመደብሩን ነገር አጫወትኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ስድስት ማርሽ ምን ይሠራልሻል?” አሉኝ። “አንቺ የምትፈልጊው አንድ ማርሽ ነው። የሚያወጣሽ።”

“አንደኛው እኮ አላወጣኝም፣ ጋሼ።”

“አንደኛው አንደኛ አይደለማ። ይዘሻት ነይ።”

ቅዳሜ ከሰዓት ይዣት ሄድኩ። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ቡና አቀራርበው ነበር። ጋሼ የኋላውን ጎማ ፈትተው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው አስቀመጡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሞዞውን በጨርቅ ጠረጉና ጠጋ ብለው አዩ። ብረቱ ላይ ስተርሚ አርቸር የሚል ስም ተቀርጿል፤ ከሥሩ ደግሞ ትንንሽ ቁጥር። “96” አሉ። “ኖቲንግሃም የተሠራ ነው። ታይዋን ሳይሄድ በፊት።” እ.ኤ.አ. በ1996 ማለታቸው ነው፤ በኛ 1988። ብረቱ እንግሊዝ አገር በሚቀጠቀጥበት ጊዜ እኔ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ስኳር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ እዞር ነበር።

ስተርሚ አርቸር ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ፋብሪካው በ2000 ኪሳራ ላይ ወድቆ ሲሸጥ፣ የታይዋን ኩባንያ ማሽኖቹን አጓጉዞ ሥራውን እዚያ ቀጠለበት። ስተርሚም አርቸርም የሰዎች ስም ነው። ሞዞውን በማሰቡ በኩል ትልቁ ሥራ ግን ዊልያም ራይሊ የተባለ የሦስተኛ ሰው ነበር፤ ቀደም ሲል የተፈራረመው ውል ስላሰረው ፈጠራው በአርቸር ስም ተመዘገበ። ስሙ ከብረቱ ላይ የለም።

ጋሼ ሞዞውን መክፈት አያስፈልጋቸውም ነበር። የከፈቱት ሊያሳዩኝ ነው፤ ወይም እጃቸው ስለናፈቀው። በመዶሻና በብረት ጫፍ እየኮረኮሙ የጎኑን ክዳን አላልተው ፈቱት፣ ከዚያ ሆዱን ሙሉውን መዘው አወጡት። ግራሶው ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ሆኗል። በነጭ ጋዝ ሲያጥቡት ውስጡ እየታየኝ መጣ፤ መሃል ላይ ከዘንጉ ጋር አንድ ሆኖ የማይዞር ባለ 20 ጥርስ፣ ዙሪያውን አራት ተመሳሳይ ትንንሽ ጥርሶች፣ እነሱን አቅፎ ከውጭ የሚዞር ባለ 60 ጥርስ ቀለበት። ጋሼ በጣታቸው አዞሩት። “20 ለ60 ማለት አንድ ሦስተኛ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ጎማሽ ከሰንሰለቱ አንድ ሦስተኛ ይቀድማል። በሁለተኛ እኩል ይሄዳል። በአንደኛ ወደ ሦስት ሩብ ይወርዳል። ከዚህ በታች ይህ ብረት አያውቅም፤ ሺህ ዓመት ብትለምኚው።”

የጥፍር ቁራጭ የምታክል የብረት ምላስ አንስተው አሳዩኝ። ሥሯ ላይ ፀጉር የመሰለች ሞላ ታስራለች። ብስክሌት ሳይረገጥ ሲሄድ ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅ የሷ ነው። ሞላዋ ከጣታቸው አምልጣ ወደቀች። እትዬ ከረከቦቱ ማዶ “ያንን ግራሶ ከሲኒዬ አርቅልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ልንገርህ!” አሉ። ሦስታችንም ምንጣፉ ላይ ተንበርክከን ፈለግን። ያገኟት እትዬ ናቸው፤ በማግኔት ሳይሆን በጥፍራቸው።

ከዚያ ጋሼ የመብራት ሒሳብ የመጣበትን ፖስታ ገልብጠው ጻፉ። ከፊት፣ ፔዳሉ ላይ ያለው 50 ጥርስ። ከኋላ፣ ሞዞው ላይ ያለችው ፒኞን 13። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 1.32 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፔዳሉን አንድ ዙር ስረግጥ በሁለተኛ ማርሽ 5 ሜትር ከጥቂት፣ በአንደኛ 3.8 ሜትር እሄዳለሁ ማለት ነው። “በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሪ ስንት ይሆናል?” ብለው ጠየቁኝ፤ ትምህርት ቤት ያለሁ መሰለኝ። 228 ሜትር። በሰዓት ወደ 14 ኪሎ ሜትር። “ይኸውልሽ” አሉ እርሳሱን ጥለው። “ሃይጌትን በሰዓት 14 የሚወጣ ጎረምሳ ነው። አንቺ አትወጪም። ስለዚህ እግርሽ ይንቀራፈፋል፣ ክብደቱ ሁሉ ጉልበትሽ ላይ ያርፋል። ድካምሽ ከዚህ የመጣ ነው።”

መፍትሔው ከአሥር ፓውንድ በታች ነበር። ከ13 ፈንታ ባለ 15 ጥርስ ፒኞን። ሰኞ አዘዝኩ፣ በሳምንቱ ደረሰ።

የመቀየሩ ሥራ ሞዞውን ለማጠብ ከወሰደባቸው ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው። ፒኞኗን የያዘች የብረት ቀለበት አለች፤ ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርገው አስለቀቋት፣ 13ቷ ወጣች፣ 15ቷ በሞዞው ሦስት ስንጥቆች ልክ ገብታ ቀለበቷ ተመለሰች። ግን በሰንሰለቱ ላይ ተጣላን። እኔ አሮጌው ይቆይልኝ አልኩ። እሳቸው የልብስ ሰፊ ሜትር አመጡና ዘርግተው ለኩት። “24 መገጣጠሚያ 30 ሳንቲም ተኩል መሆን አለበት፣ ያንቺው 30.8 አልፏል። የተለጠጠ ሰንሰለት አዲስ ጥርስ ላይ ይዘላል፣ ሲዘል ደግሞ አንቺ ቆመሽ እየረገጥሽ ነው። ከዚያ በኋላ ጥርስ የሚቀየረው ያንቺ ነው።” ተረታሁ። አዲሱን ከአሮጌው በአንድ ጥንድ መገጣጠሚያ አስረዘሙት፤ የቀረውን ልል ባለ ሞላው መወጠሪያ ይስበዋል። አጥፈን ዘርግተን አየን፤ ስትታጠፍ ሰንሰለቱ ይላላል፣ መወጠሪያው ካልሳበው ከጥርሱ ይወርዳል። አልወረደም።

የመጨረሻው ሥራ የካቦው ልክ ነበር፤ እኔን ያስተማሩኝም እሱን ነው። ከዘንጉ ጫፍ ቀዳዳ ባለው ዳዶ በኩል አንዲት ቀጭን ዘንግ ከነትንሽ ሰንሰለቷ ትወጣለች፤ ካቦው የሚስበው እሷን ነው። ማርሹን ሁለተኛ ላይ አድርጎ በዳዶው መስኮት ወደ ውስጥ ሲያዩ፣ የቀጭኗ ዘንግ ትከሻ ከትልቁ ዘንግ ጫፍ እኩል መሆን አለበት። ካለፈም ካነሰም ማጠንከሪያውን በጣት አዙሮ ማስተካከል ነው። ልኩ ከተዛባ እንዲህ ባለው አሮጌ ሞዞ ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ምንም ማርሽ የሌለበት ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ያኔ ፔዳሉ አየር ይረግጣል። ጋሼ እጄን ይዘው ማጠንከሪያው ላይ አስቀመጡት። “ይህን ሌላ ሰው አይሥራልሽ” አሉ።

ሰኞ ማታ ድመቷን አልፌ ሆስፒታሉን አልፌ እየረገጥኩ ነበር። በቀላሉ አልልም። ከአንዱ ዙር ወደሚቀጥለው ዙር ግን እግሬ ሳይቆም ሄደ። ከሆስፒታሉ በላይ፣ ዳገቱ እጅግ ቀጥ የሚልበት ላይ፣ ወርጄ ገፋሁ። ያም ቢሆን የምገፋው ርቀት ተቆርጧል። ለጋሼ ስነግራቸው “እንግዲያው የፊቱንም” አሉ።

የፊቱ ግን ይከብዳል። በኔዋ ዓይነት አሮጌ ብሮምፕተን ላይ ባለ 50 ጥርሱ ክብ ከቀኙ የፔዳል ክንድ ጋር አንድ ላይ የተበየደ ያህል ነው፤ ጥርሱን ለመቀየር ክንዱን ከነጥርሱ መቀየር ግድ ነው። ኩባንያው ራሱ ዳገት ለሚበዛበት ሰው ባለ 44 ጥርስ ያቀርብ ነበር። ያገለገለ እስካገኝ ክረምት አለፈ። የተገኘው ቀለሙ ከግራው ክንድ የማይመሳሰል ነው፤ እስከዛሬ አንዱ ብር፣ አንዱ ጥቁር ነው። ጋሼ ማውጫውን በክንዱ ጥርስ ውስጥ አስገብተው ሲያጠብቁት አሮጌው ክንድ ጥሩንባ የመሰለ ጩኸት አሰምቶ ለቀቀ። ሰንሰለቱን በአንድ ጥንድ መልሰው አሳጠሩት።

44 ከፊት፣ 15 ከኋላ። በአንደኛ ማርሽ አንድ ዙር 2.9 ሜትር። ከዚያ ወዲህ ሃይጌትን ወርጄ አልገፋሁም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ዘግቼ እወጣለሁ። ሯጮች ያልፉኛል፤ ይለፉኝ።

ዋጋ አልከፈልኩም ማለት አይደለም። ሦስተኛው ማርሽ ከ6.8 ሜትር ወደ 5.2 ወርዷል። ጠዋት ከሥራ ስወጣ ቁልቁለቱን እግሬ ሊከተለው አይችልም፤ ዝም ብዬ እንሸራተታለሁ። ሜዳ ላይ ነፋስ ከኋላ ሲገፋኝ ሌሎች ጥለውኝ ይሄዳሉ። የጥርሱ መከለያም አንሷል፣ ሰፊ ሱሪ ከሰንሰለቱ አያመልጥም፤ የቀኝ እግሬን ሱሪ በጎማ ክር አስሬ ነው የምነዳው። እሳቸው ያሰቡበትና እኔ ያላሰብኩበት ነገር ደግሞ ፍሬኑ ነበር። የወጡትን ያህል መውረድ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው በዚያ ቁልቁለት በጠዋት፣ በዝናብ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፍሬን። ጋሼ የፍሬኑን ጎማም ካቦም ሳይቀይሩ አለቅም አሉ። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ከሁሉ በፊት መደረግ የነበረበት እሱ ነው።

የመደብሩን ልጅ ፍርድ ለመፈተን አንድ ቀን ሒሳቡን በዚያው ፖስታ ላይ አሰላሁት። ባለ ስድስት ማርሿ ብስክሌት፣ 50 ጥርስ ከፊት ካላት፣ በአንደኛዋ ማርሽ አንድ ዙር 2.6 ሜትር ትሄዳለች። የኔዋ 2.9። ልዩነቱ ሠላሳ ሳንቲም ነው። የእሷ ትልቁ ማርሽ ከኔ እጅግ ይርቃል፣ ሜዳና ዳገት ለሚቀላቀልበት ሰው ዋጋዋ ይገባታል። ለኔ መንገድ ግን ሠላሳ ሳንቲሟን በጥቂት መቶ ፓውንድ አልገዛም።

ባለ ሦስት ማርሽ ስተርሚ አርቸር ያላት የምትታጠፍ ብስክሌት ኖሯችሁ ዳገት የሚያስቸግራችሁ ሰዎች፣ መደብር ከመግባታችሁ በፊት የኋላዋን ፒኞን ጥርስ ቁጠሩ። 13 ከሆነ 15 ጠይቁ። ሰንሰለቱን አብራችሁ ቀይሩ፣ ፍሬኑንም አሳዩት።